የጋሽ መሮ ውሻ በጸደይ

በአንድ የጸደይ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጎረቤቴን ጋሽ መሮን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። አናጢ ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከሥራቸው ነው። በአንድ እጃቸው የውሻቸውን አንገት ይዘዋል፣ በሌላው የነጭ ጋዝ ጠርሙስ። ውሻው መዳፉን እየላሰ፣ ጎኑን ከመዝጊያው ጋር እያፋተገ ዕረፍት አጥቷል።

«ደህና አደሩ ጋሼ? ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ቁንጫ ወሮታል ልጄ። አንዴ በጋዝ ካጠብኩት ድራሹ ይጠፋል።»

«አጎቴ፣ ይተዉ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም። ሮጣ ደረሰችና ጠርሙሱን ተቀበለቻቸው። «የቁንጫውን እንጃ፣ የውሻው ድራሽ ግን ይጠፋል። ጋዝ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ከላሰው ደግሞ ይመርዘዋል።»

ጋሽ መሮ ተቆጡ። «ትናንት አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ ዛሬ የውሻ አያያዝ ልታስተምሪኝ? አባቴ ያን ሁሉ ውሻ ሲያሳድግ ሐኪም ደጃፉን ረግጦ አያውቅም!»

«ውሾቹ ዕድሜ ነበራቸው?»

ጋሽ መሮ ጢማቸውን ዳበሱ። «እሱማ... ቶሎ ቶሎ ይተኩ ነበር።»

ሳቄን ለመደበቅ ሳልኩ። ውሻውን እንደ ነፍሳቸው እንደሚወዱት አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን ዕውቀት ያልመራው ፍቅር አንዳንዴ ጋዝ ይዞ ይመጣል።

ሐኪሟ ተንበርክካ የውሻውን ጣቶች ፈልቀቅ አደረገች። «ይዩ፣ መሀሉ ቀልቷል። ይኼ ቁንጫ ብቻ አይደለም፤ አለርጂም አለበት። የአበባ ብናኝ ሣሩ ላይ ያርፋል፤ እሱ ሲረግጠው ያሳክከዋል።»

«ሌባ የሚያንቀጠቅጥ ውሻ በአበባ ይሸነፋል?»

«እርስዎስ አበባ ሲፈነዳ በማስነጠስ ሰፈር አይቀሰቅሱም?»

ጋሽ መሮ አንገታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ልጅቷ ጠጋ ብላ አየችና «አይንቀሳቀሱ» አለች። ከቦርሳዋ ወረንጦ አውጥታ፣ ከቆዳው ሥር ይዛ ቀጥ አድርጋ ሳበችና አንድ የወፈረ መዥገር አሳየቻቸው።

«ይኼ... የማን ነው?» አሉ ክው ብለው።

«ውሻው ያመጣው፣ እርስዎ የቀለቡት።»

ጋሽ መሮ ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «በይ እሺ። ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። በክብደቱ ልክ ታዝዞ በትከሻዎቹ መሀል ጠብ የሚደረግ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት አለ። ከመንገድ ሲመለስ መዳፉንና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጠጉሩን እያበጠሩ ጆሮው ሥር መፈተሽ፣ የሚተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ማሳከኩ ካልተወው ሐኪም ዘንድ ይዞ መሄድ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ልጅቷና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን። ውሻው ጠጉሩ እያብረቀረቀ፣ ውስጥ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ገና ለመግባት እግራችንን ከማንሣታችን ጋሽ መሮ በሩን በክንዳቸው ዘጉት።

«ቁሙ! እሱ ተኛ፣ እኔ ተኛሁ፣ ከምንጣፉ ቁንጫ ጠፋ፣ የልጅ ልጆቼም ያለ ሥጋት ይንከባለሉበታል። ይህን ሁሉ ያገኘሁት በጨርቅና በመድኃኒት ነው፤ እናንተ ደግሞ ከነብናኛችሁ ትገባላችሁ?»

«አጎቴ፣ እኔ እኮ ሐኪሟ ነኝ!»

«ብትሆኚስ?» አሉና እርጥብ ጨርቅ አቀበሏት። «ሕክምና አንድ ነገር ነው፤ ንጽሕና ሌላ። ጫማሽን ጥረጊ!»