የፋና ክፍል ከውርጭ በፊት

በጥቅምት መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ተጣብቄ ተቀምጬ ነበር። በግራዬ የሰፈራችን ቄስ መምሬ ዘርአ ዳዊት፣ በቀኜ ደግሞ የጎረቤታችን የገብረ ሕይወት ልጅ እየሩሳሌም ነበሩ። እየሩሳሌም ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ገብታ የግንባታ ሙያ ትማራለች። መምሬ ጋቢያቸው ሥር አንድ ክብ ነገር አቅፈዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ያ ነገር ጉልበቴን ይመታኛል።

«መምሬ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዙት? እንዲህ የሚሳሱለት!» አለች እየሩሳሌም።

«አርፈሽ ተቀመጪ።»

ወዲያው መኪናው ጉድጓድ ገባና ጋቢው ተገለጠ። የቀለም ጣሳ ነበር።

«ውይ! ቤት ሊያሳምሩ ነው?»

«ቀስ በይ አንቺ! ሰው ይሰማሻል» አሉና መልሰው ሸፈኑት።

ብዙም ሳንርቅ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪቀይር ድረስ ሁላችንም ወርደን፣ ለነፋሱ ጀርባችንን ሰጥተን ከገብስ ማሳ ዳር ቆምን። እኔ በሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ዝም ብዬ አዳመጥሁ። የሰማሁት ግን ቤት ላለው ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ እነሆ ጻፍሁት።

መምሬ ጣሳውን በእግሮቻቸው መካከል አስቀምጠው በዝግታ ነገሯት። ልጃቸው ፋና በታኅሣሥ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። በአገራችን ልማድ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ አራሷ እናትና አባቷ ቤት ትሆናለች። የፋና እናት እትዬ ወለተሐና ግን በሕይወት የሉም።

«አማቷ ‹ደብረ ሲና ይሞቃል፣ የጎረቤላው ክፍል ግድግዳው ያልበዋል፣ እኔ ጋ ትሁን› ብላ ላከችብኝ» አሉ መምሬ። «ደግሞ ውሸቷን አይደለም። ጣራው ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብበት ነው የከረመው። እናቷ ብትኖር ግን ማን እንዲህ ይደፍረኝ ነበር?»

«ታዲያ ምርጊቱን መቼ ሊጀምሩ ነው?»

«ምጥ ያዛት ሲሉኝ ነዋ። እሷ ጤና ጣቢያ ሆና ጎረቤት እጠራለሁ፤ ይመርጉልኛል፤ በማግስቱ ቀለም እቀባለሁ። አዲስ ቤት ትገባለች።»

እየሩሳሌም ሳቀች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምሬ! ቆርቆሮው ሳይጠገን፣ ጭቃው ሳይቦካ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም? ሙሽራዋ ሳትታጭ የሚዜ ልብስ ማሰፋት እኮ ነው!»

«ኮሌጅ ገባሁ ብለሽ ጭቃ ታስተምሪኛለሽ? አንቺ ሳትወለጂ ስመርግ ነበር!»

«እሱማ እውነት ነው። የእኛንም ቤት የመረጉት እርስዎ ነዎት፤ አባቴ ይነግረኛል። እንግዲያው ይንገሩኝ፤ በታኅሣሥ የተመረገ ግድግዳ ምን ይሆናል?»

መምሬ ወደ ገብሱ ዞሩ።

«ይፈረፈራል» አሉ። «ሳይደርቅ ውርጭ ይይዘዋል።»

«እርጥቡ ላይ የተቀባው ቀለምስ?»

«ይላጣል።»

«ይህን ሁሉ እያወቁ ታዲያ?»

«ዕውቀት ጎድሎኝ አይደለም፣ ልጄ። ፈርቼ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ላልተወለደ ልጅ አይዘጋጅም። ከፋና በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረን። ወለተሐና ስታረግዝ ደስታዬን አልቻልሁትም፤ ክፍሉን መረግሁ፣ መጋረጃ ሰቀልሁ። ልጁ ወር ሳይሞላው ሳል ያዘውና ሄደ። ለፋና ግን አንዲት ጨርቅ እንኳ አላዘጋጀንም። እሷ ተረፈችልን።»

«ያን ጊዜ ምርጊቱ መቼ ነበር?»

«በታኅሣሥ፤ ሊወለድ ጥቂት ቀን ሲቀረው። እሱ ሲገባ ክፍሉ ገና ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር።»

እየሩሳሌም አፏን ከፈተች። ልትል ያሰበችው ለእኔም ገባኝ። ግን መልሳ ዘጋችው። እውነት ሆኖም ለአዛውንት ፊት ለፊት የማይነገር ነገር አለ። ነፋሱ የገፈፈውን ጋቢ አንሥታ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።

«መምሬ፣ ለሕፃኑ ምንም አያዘጋጁ» አለች ቀስ ብላ። «ጨርቅ አይግዙ፣ መጋረጃም አይስቀሉ። ክፍሉ ግን የፋና ነው። ፋና ደግሞ ተወልዳለች።»

መምሬ ቀና ብለው አዩዋት።

«ያደገችበት ክፍል ነው። አባቷ ቤት ስትመጣ ደረቅ ግድግዳ አይገባትም? ለእሷ ማዘጋጀት ምን ያስፈራል?»

«ምንም» አሉ መምሬ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከየት ልጀምር ታዲያ፣ ኢንጂነሯ?» አሉ።

«ከላይ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ያስመቱ፤ አለዚያ የሚያፈሰው ውኃ ምርጊቱን ያወርደዋል። ጭቃውን ከጭድ ጋር አሁኑኑ ያስቦኩት። ዝናቡ ወጥቷል፣ ፀሐይና ነፋስ አለ፣ ውርጩ ገና አልበረታም። ሰውም አጨዳ ሳይገባ ነው፤ ቢጠሩት ይመጣል። ከተመረገ በኋላ በርና መስኮቱን ከፍተው ያድርቁት። ቀለሙ የመጨረሻ ነው። ጣሳውን እስከዚያ አልጋ ሥር ይክተቱት።»

ጎማው ተቀየረና ተሳፈርን። መምሬ ጣሳውን ከዚያ በኋላ አልሸፈኑትም።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ሰው ተጠራ፤ እኔም ጭቃ ከረገጡት አንዱ ነበርሁ። ኅዳር ሲገባ መምሬ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፤ ደረቅ ድምፅ ሰጠ። ጉንጫቸውን አስጠጉበትና፣ «ያኔም እንዲህ ደርቆ ቢሆን…» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። እየሩሳሌምና እኔ ወለሉን አየን። ቀለሙ የተቀባው ከዚያ በኋላ ነው።

አማቲቱ ፋናን ይዘው ከደብረ ሲና መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ወዲያና ወዲህ አዩ። «ይሄማ እኔንም ያስከርመኛል» ብለው ፋናን ትተውላቸው ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፣ እርሻ ወራት እንዳለው የቤት ሥራም ወራት አለው። እኛ ግን እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ጭቃ እናነሣለን። ዝናብ ሲወጣ፣ ከውርጭ በፊት፣ ከጣራ የጀመረ ሰው ሥራው አይፈርስበትም፤ አራስ በእርጥብ ግድግዳ አትታመምበትም፤ ሕፃንም የቀለም ሽታ አይተነፍስም።

ውርጩ ሣሩን ባነጣበት በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት አራስ ልጠይቅ ሄድሁ። መምሬ ካህን ስለሆኑ ክርስትና እስኪነሣ ወደ አራስ ክፍል አይገቡም። ከወዲያኛው ክፍል፣ ያንኑ ግድግዳ ተደግፈው፣ የሕፃኑን ለቅሶ እያዳመጡ ተቀምጠዋል።

አንዲት ጎረቤት፣ «መምሬ፣ ለልጅ ልጅዎ ምን አዘጋጅተው ጠበቁት?» አለቻቸው።

«ምንም» አሉ መምሬ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ። «ክፍሉ የእናቱ ነው። እሱ በእንግድነት ነው የመጣው።»