ለሐኪም የተመለሰ ሰላምታ

ወደ ሮቫ ሔት ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ያለች አንዲት ወጣት አጠገቧ የተቀመጡትን እናት አዋራቻቸው።

«ከሐኪም ነው የሚመጡት፣ እማማ?»

«አዎ ልጄ። ሕመሜ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ነው፣ ነገ ጉልበቴ ላይ። አንዱ ሐኪም ነርቭ ነው ይላል፣ ሌላው ድካም ነው ይላል።»

«የዛሬውስ ምን አለ?»

«ገና ስገባ እንዴት ነሽ አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚሃር ይመስገን አልኩት።»

«ውይ እማማ! ለሐኪም?»

«ታዲያ ሰላም ያለኝን ሰው በሕመም ልቀበለው? እሱም ደስ ብሎት፣ እንግዲያ ምርመራው ይቅር አለኛ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬዎት ልግባና እኔ ልንገርልዎት።»

«ተባረኪ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ስትቀመጪ ወገብሽን ይዘሽ ነበር።»

«ደህና ነኝ፣ እግዚሃር ይመስገን።»

ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።