የመነኩሴው ሁለተኛ ዓይን

ጎፋ የሚኖሩት ባላምባራስ አየለ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንድ ሥዕል ገዙ። ሐር ላይ የተሳለ፣ የጥንት የቻይና ነገሥታት ዘመን ሥዕል ነው። ራሱን ብርሃን የከበበው አንድ መነኩሴ ወደ ጎን ዞሮ ቆሟል። ባላምባራስ «ጻድቅ ነው» ብለው ሳሎናቸው ሰቀሉት። እንግዶቻቸው ግን አጉረመረሙ፤ በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ በጎን በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሐዲ ነዋ! ታዲያ ማን ተጠራ? እኔ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው፣ ቻይናን የማርመው ሊቅ!

«አለቃ፣ እባክዎ ይህን ሰው ከኩነኔ ያውጡልኝ» አሉኝ።

«ይቺማ ምን አላት ጌታዬ» አልኩና ጉንጩ ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ደነቀርኩለት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

በሳምንቱ የቻይና ሥዕል የሚያውቅ እንግዳ መጣ። ሥዕሉን ቀርቦ መረመረው። «ይህ እኮ የቡድሃ ደቀ መዝሙር ነው» አለ። «የዞረው መምህሩን ለማየት ነበር። ይህን ያህል መቶ ዓመት ዓይኑን ከእሱ ላይ ሳይነቅል ኖሮ፣ አሁን እኛን ያያል!»

በጣቱ ወደ ሥዕሉ ጥግ አመለከተ። እውነትም ከደበዘዘው ደመና ላይ መምህሩ ተቀምጧል። እኔ የት አይቼው! ዓይን ስቆጥር ነበራ።

እንግዲህ አደራ፣ እኔን የሚስል ከተገኘ በጎን ይሳለኝ። አንድ ዓይን ይበቃኛል።