የእሱባለው ሰንጢ

ጓዶች፣ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ጋሽ ቲጃኒ፣ እርስዎም ያቺን ጨርቅ ያስቀምጡልኝ፤ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ እንኳ ሰንጢ አይወልውሉ።

በአርባ ዘጠኝ ዓ.ም. ጋሽ ቲጃኒ እዚህ ቡና መጋዘን ሲቀጠሩ፣ ዘበኛው ፈትሾ ከኪሳቸው ሦስት ሰንጢ አወጣ አሉ። ያኔ እዚሁ ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው የነገሩኝ። «ሽፍታ ነህ?» ብሎ አፈጠጠባቸው። እሳቸውም፣ «ሦስቱም ዝገው አይከፈቱም፤ በየትኛው ልውጋህ?» አሉት። ገቡ። ይኸው ሠላሳ ዓመት!

እኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ስመጣ ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ጋዝ፣ አመድና የዛገ ብረት አየሁ። ቡና ለቃሚዎች የጣሉት ሰንጢ ከጆንያ ውስጥ ይወጣል፤ እሳቸው ይጠግኑታል።

«የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሚመጣው ሰው።»

ሳቅሁ። ረፋዱ ላይ ሰንጢው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ከሸቤ፣ የግማሽ ቀን መንገድ፣ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ሰንጢዬ ሲከፈት ሰማሁት» አለ። ሸቤ ሆኖ! ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

አንዱ ግን ዘጠኝ ዓመት ሳይከፈት ቆየ። መዛኙ እሱባለው በሰባ ዓ.ም. «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብሎ በዚሁ በር ወጥቶ ሲቀር፣ ሚዛኑ ሥር የተገኘው ባለ ቀንድ እጀታ ሰንጢው ነው። ጋሽ ቲጃኒ ዝገቱን አንስተው፣ በየዓርቡ ዘይት ይቀቡታል እንጂ አይከፍቱትም። እኔ ችኩሉ፣ «አሁን እኮ ይከፈታል፤ ልሞክረው?» ስል እጄን መቱኝ።

«ሱታ! ቀስ በል! ከፍተነው ካልመጣስ? ለቆንጂት ምን እንላታለን?»

ቆንጂት፣ ታይፒስታችን፣ የእሱባለው ሚስት፣ እዚያው ትጽፍ ነበር። ታይፑ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ሰንጢውን ሊያስረክቧት ጠሯት። አልተቀበለችም። «መጠበቅ በቃኝ ጋሼ፤ ይክፈቱልኝ» አለች። «ቢስሚላሂ» አሉ። ቀጭ! ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዶው ሚዛን ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሷል። «ነፋስ ነው» ብላችኋል፤ እሺ፣ ነፋስ ይሁን።

ጋሼ፣ እኔ ያረጀ ነገር መጣል እንጂ መጠገን አላውቅም ነበር። መታገሥን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከልቤ አመሰግናለሁ። መሳቢያዎን ተረክቤያለሁ፤ ነጭ ጋዙም አይደርቅም።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ለጋሽ ቲጃኒ ሚሪንዳ ቅዱላቸው። ዕድሜ፣ ጤና፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ ይስጥዎ!

ያ ጥጉ ላይ ያለው ብርጭቆ ግን አይነካ፤ ቆንጂት ናት የቀዳችው። ዘበኛ፣ አንተም ና ጠጣ። በሩን ብቻ እንዳትዘጋው።