እምቢ ያለው ደመራ

«እንዴት አደርሽ ኢኒድ? ጉልበትሽስ? የኔማ ብርድ ሲነካው እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል... ዝናቡ ግን ደግ ነው፣ ጎመኔን አጠጣልኝ።»

ማቪስ ለኢኒድ ይህን ያለችው ዛሬ ጠዋት፣ ትላንት ማታ የመንደሩ ቤተሰብ ሁሉ ለበልግ መውጫው እሳት በተሰበሰበበት መስክ ላይ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ ነው። ባሏ ዊልፍ ከሞተ ወዲህ ደመራውን የምትለኩሰው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ግን አዲሱ የኮሚቴ ሊቀመንበር «እርስዎ ይረፉ» ብሎ ክብሪቱን ተቀበላት። ሰውዬው አሁን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሻሻ ይለቅማል። ማቪስ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«አመድ ልንጠርግ አይደል የመጣነው? ታዲያ አመዱ የታለ?... እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ ሰምቼ፣ እኔ ሞኟ አካፋ ሁሉ ተሸክሜ መጣሁ! እንጨቱ ይኸው እንደ ሙሽራ ቆሟል።

ምን ላድርግ፣ አልተማርኩ። እኔና ዊልፍ እንጨቱን ሸራ አልብሰን ነበር የምናሳድረው። የድሃ ነገር! ሊቅ ሰው ግን ከሩቅ እንዲያምር ገላልጦ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ያጠጣዋል... ሊያቆጠቁጥለት ይሆን? ዊልፍ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጃርት ተወሽቆ እንዳይቃጠል ብሎ በሆዱ እየተሳበ ሥሩን ይፈትሽ ነበር። ዘንድሮ ምን ያስፈልጋል? ጃርቶቹ ከዚህ የተሻለ መጠለያ የት ያገኛሉ?

ንግግሩስ! አቤት ንግግር! ልጆቹ የዝንጅብል ኬካቸውን ጨርሰው ጣታቸውን ሲልሱ፣ እሱ ገና ‹ከእሳቱ ራቅ በሉ› ላይ ነበር። ሳያዛጋ እስከ መጨረሻው የሰማው ከክምሩ አናት እንዲቃጠል የተቀመጠው የገለባ ሰውዬ ብቻ ነው። ከዚያ በክብሪት ፋንታ ያመጣትን የኤሌክትሪክ መለኮሻ ቁልፍ ከሩቅ ተጫናት... በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ይባል የለ? ትላንት ደረቁም እርጥቡም ተማምለው እምቢ! እሳት በሌለበት ጭስ የለም ያለውስ ማነው? የኛ ሰው አሳየን! ሕፃናቱ በጭስ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ... ከጭሱ ነው እንጂ ሌላ ምን ያስለቅሰኛል? አሮጊት ክብሪት ወሰዱብኝ ብላ ታለቅሳለች እንዴ?»

እዚህ ላይ መጥረጊያዋን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። ከዚያ ሳቀች።

«ቤቴ ገባሁና ለራቴ ድንች ልጠብስ ብዬ ጓሮ ያለውን የብረት በርሜል ለኮስኩ። ምን አውቃለሁ! ቀና ስል መንደሩ ከነልጁ አጥሬን ተደግፎ ቆሟል። እንዴት እንዳፈርኩ ኢኒድ! ድንቼ እንደ ልማዱ ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ። እነሱ ግን ተሻሙበት። የልጅሽ ልጅ አፍንጫዋን ጥቀርሻ ተቀብታ ‹የሚቀጥለው ዓመትም እዚህ ነው አይደል?› አለችኝ። እኔ ምን ቁም ነገር አለኝ? በርሜሌ ቁልፍ የለው፣ ኮሚቴ የለው... መንደድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እንደ ባለቤቱ ያልሠለጠነ!

ብቻ ለመንደር የደከመ ሰው ይመረቃል እንጂ አይታማም። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ቤቱን፣ ግቢውን፣ እጁ የነካውን ሁሉ ከእሳት ይጠብቅለት... አሜን በይ እንጂ!»