ከግድግዳው ማዶ ያለው ዲጄ

እስቲ ፍረዱኝ። አዲስ ከተማ ካለው ግቢዬ ሰርቪሷን ያከራየሁት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልጁ ዲጄም ነው። ቴክኖ የሚሉትን፣ ቃል የሌለውን ዱም ዱም፣ ከጠዋት ጀምሮ ይደጋግመዋል። ታክቶኛል። አንድ ቀን ደግሞ የባለቤቴ የጸሎት እህቶች ሳሎን ተሰብስበው ሲዘምሩ ዱምዱምታው ግድግዳውን አልፎ መጣ። ጭብጨባቸው ተምታታ። ባለቤቴ ብድግ ብላ፣ «ወይ እሱ ዛሬ ይውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ!» አለችኝ።

ሄጄ በሩን ደበደብኩት። «ልጄ፣ ይኼን ነገር አጥፋና ዕቃህን ሰብስብ።»

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አነሣና፣ «አባባ፣ እስቲ ያዳምጧቸው! ቅኝታቸው ከኔ ዘፈን ጋር አንድ ነው። ያልገጠመው ፍጥነቱ ብቻ ነው፤ እኔ እቀድማቸዋለሁ» አለኝ።

«አጥፋው ነው ያልኩህ!»

«አንዴ ብቻ፣ አባባ። ሁለት ዘፈን የሚዋሃደው እንዲህ ነው።» ማሽኑ ላይ ያለችውን የፍጥነት መቀነሻ ቀስ አድርጎ ሳባት። ዱምዱምታው እየረጋ፣ እየረጋ ሄዶ ከሴቶቹ ጭብጨባ ጋር እኩል ይረግጥ ጀመር። ሳሎን ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ንዴቴን ይዤ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

ስመለስ ባለቤቴ ላቧን እየጠረገች፣ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። «ጎሽ! አጠፋልህ አይደል? አየህ፣ ያ ጩኸት ሲቆም እንዴት እንዳማረልን! ይቆይ በቃ፣ ሲነግሩት የሚሰማ ልጅ ነው።»

እንዳላጠፋው ሳልነግራት ቁጭ አልኩ። ልጁም ይኸው አለ፤ ዱምዱምታውም አለ።