ተሸናፊ አይደውልም

ሄሎ?... ሄሎ፣ ጸጉር ቤት ነው... ማን ልበል?

... አንተ ነህ እንዴ?

... ቆይ፣ ቆይ። ምን ተፈጥሮ ነው የደወልከው? ሰው ታመመ?... ልጆቹስ?... ሚስትህስ?... እሰይ። ታዲያ ሁሉም ደህና ከሆነ ምን ሆነህ ደወልክ?

... ጨዋታ እንደነበረማ አውቃለሁ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሦስት ለአንድ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን አትንገረኝ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው — ማን አሸነፈና ነው የምትደውለው?

... እንግዶቹማ አሸነፉ። እንግዶቹ ግን የኔን ቁጥር የት ያውቁታል? የደወልከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ያሸነፍከው ነገር የለም። ወይስ አለ? እስቲ ንገረኝ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል።

— ይታገሱኝ መምህር፣ አንዴ። ጉንጭዎን አይንኩት፣ አረፋው ይረግፋል። ወንድሜ ነው፤ ታናሼ።

... አንተን አይደለም፣ ደንበኛ ነው። አዲሱ አስተማሪ። ግማሽ ጺማቸውን ላጭቼ ሳልጨርስ ነው የደወልከው። ያዝ፣ አትዝጋ... እሺ፣ መዝጋት እንደማትችል አውቃለሁ፣ ዝም ብለህ ያዝ።

— ለሰፈሩ አዲስ ስለሆኑ ነው መምህር፣ እዚህ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔና ወንድሜ የምንነጋገረው የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሲጋጠሙ ብቻ ነው። እኔ የላይ፣ እሱ ሚስቱን ተከትሎ የታች። ያሸነፈ ይደውላል፣ የተሸነፈ ያነሳል፣ የሚዘጋውም ያሸነፈው ነው። ተሸናፊ አይደውልም፣ ተሸናፊ አይዘጋም... ለምን ማለት? ያችን መስታወት ጥግ ላይ ያለችውን ነጭ ነገር ያያሉ? ሙጫ ናት። ያለፈው ምርጫ ጊዜ ወንድሜ የከንቲባውን ፎቶ ለጠፈብኝ፣ እኔ በምላጭ ፋቅሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እናቱን እንኳ የሚያያት እኔ ገበያ ስወርድ ተደብቆ ነው። ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ከርመን፣ አንድ ቀን ታቾች አሸነፉን። ስልክ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ሁለት ለባዶ» ብሎኝ ዘጋው። እናታችን ይህን ሰማችና «በቃ፣ ኳስ ብቻ አውሩ፤ ፖለቲካ ያነሳ ልጄ አይደለም» አለች። ሕጉ ይኸው ነው... አዎ፣ በሩ ጋ የተቀመጠችው እሷ ናት። የማትሰማ መስላ የማትሰማው የለም።

... መጣሁ፣ መጣሁ። ትሰማኛለህ? ሕጉን እያስረዳኋቸው ነው... ምን ሕግ ትላለህ እንዴ፣ የኛን ሕግ ነዋ።

... እኔም እሱን ነው የምለው። ሁለቱ ቡድን አንድ ሆነ ተብሏል። አንድ ከሆነ ከእንግዲህ ላይና ታች አይጋጠምም። ካልተጋጠመ የሚያሸንፍ የለ፣ የሚሸነፍ የለ። ታዲያ ማን ይደውላል? ከንቲባው ይህን አስቦበታል?

— እሺ እማዬ፣ ከዘራሽን አሳርፊው። ስለ ኳስ ነው... ከንቲባው አሁን የቡድኑ ሰብሳቢ ነው እማዬ። ስለ ሰብሳቢው ሳላወራ ስለ ቡድኑ እንዴት ላውራ?... አላውቅም። ፖለቲካ ይሁን ኳስ እኔም አልለየሁትም።

... ከዘራዋን መሬት እየመታች ነው። ከንቲባ ስል ሰማችኝ... ላንተም? አንተም ከንቲባ ካልክ ለኔ ነው የምትመታው?... ጥሩ ፍርድ ነው።

... መለያው? ስለ መለያው ባታነሳብኝ ነው የሚሻለው። ቢጫ የነበረ ሰው ነኝ፤ አባታችን በቢጫ ነው ያሳደገን፣ አንተንም ጭምር... ሰማያዊም ይሁን፣ ሰማያዊም ቀለም ነው፣ አልነቅፍም። ግን አረንጓዴ ከየት መጣ?... ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀል?

— መምህር፣ ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀል አረንጓዴ ይሆናል እንዴ?... ይሆናል? እርግጠኛ ነዎት?

... ይሆናል ይላሉ። እሺ፣ እሱን ልቀበልህ። ግን እስቲ የከንቲባው ፓርቲ ቀለም ምንድነው?... አጋጣሚ ነው? ምርጫው ደርሶ ሳለ፣ ከተማው በሙሉ የአንድ ሰው ፓርቲ ለብሶ ስታዲየም ገብቶ ሲያጨበጭብ አጋጣሚ ነው? አንተ የሱን መኪና እየነዳህ...

— ኳስ ነው እማዬ፣ መለያ ነው የማወራው። መለያ ኳስ አይደለም? ... እሺ። እሺ፣ ተውኩት።

... አልተናደድኩም። በእጄ ምላጭ አለ እኮ፣ ብናደድ መምህር ምን ይሆናሉ? ግራ ነው የገባኝ። ከሁለት ያጣ ሆንኩ። ዛሬ እዚያ ተቀምጬ ምን እንደምል ጠፋኝ። ከልጅነታችን የምናውቃት ዘፈን አንድ ናት፤ «ታቾች ውረዱ፣ ውሃ ቅዱ»። እሷኑ ጀመርናት። ለካ ያ አጥቂያችሁ... አጥቂያችን... ያ ረጅሙ ልጅ፣ ኳሷን ጥሎ ቆሞ አየን። የራሴ ደጋፊዎች ይሰድቡኛል ብሎ ማን ያስባል?... እናንተም ዘፈናችሁ? «ላዮች ኮረብታ፣ የጅቦች ቦታ...» ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ አትድገመው። የኛው ተከላካይ ስድቡ ለሱ መስሎት ደንግጦ ቆመ። የኛ ብቻ አይደለም፣ የናንተም ነው። አይ... የኛ ነው። አየህ?

... የመጀመሪያዋ የገባችብን ጎል? አየኋት። የኛ ተከላካይ ለናንተ በረኛ ተወለት፣ የናንተ በረኛ ለኛ ተከላካይ ተወለት፣ ኳሷም በመሃላቸው ቀስ ብላ እየተንከባለለች ገባች። ሁለቱም ቆመው ተያዩ። አንዱ እንኳ እግሩን ቢዘረጋ በቃ ነበር።

... የናንተ በረኛ መውጣት ነበረበት... ተከላካዩ ነው? በምን ሂሳብ? ... እሺ፣ እሺ፣ አንከራከር። ሁለቱም ጨዋ ሆነው ነው የገባብን።

— አለሁ መምህር፣ አልረሳሁዎትም... የቱ መኪና?... ነጩ? ይተዉት፣ ሰው የሚጠብቅ ይሆናል። መዞሪያው ጋ ሁሌም መኪና አይጠፋም።

... ምን አልክ? ... ሄሎ? ድምፅህ ይቆራረጣል... ያገባናት አንዷ? ያችማ ቆንጆ ነበረች። ረጅሙ ልጅ በጭንቅላት። ልነሳና ልጮህ ብድግ አልኩ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ልጁ የታች መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ልቀመጥ ስል ደግሞ አንድ መሆናችን ትዝ አለኝ። እዚያው ጎብጬ ቀረሁ። ወገቤ አሁንም ያመኛል። ከኋላዬ ያለው ሰው «ተነስ ወይ ተቀመጥ» አለኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ነው አልኩት።

... አይተኸኝ ነበር? ጎብጬ? ከዚያ ማዶ?... በባርኔጣዬ። የአባባን ቢጫ ባርኔጣ... አውልቅ ተብዬ ነበር፣ በር ላይ። አረንጓዴ ያልሆነ አይገባም አሉ። የአባቴ ነው ስላቸው አሳለፉኝ።

... ምን? ... ማን ነገረህ?

... ውሸት ነው። ማን ነው የነገረህ? ... እጄን አላነሳሁም። የላይ ደጋፊዎች ስብሰባ ላይ ስንት ሰው እጁን አነሳ፣ ሁሉን ማን ቆጠረው? ... አንስቼ ከሆነም ለመናገር ፈልጌ ይሆናል። ሰው ለመናገርም እጁን ያነሳል።

... እሺ።

... እሺ፣ አነሳሁ። አንድ ይሁኑ ብዬ አነሳሁ። ተደሰትክ? ለከንቲባው ብዬ ግን አይደለም፣ ይህን ልብ በል። ከንቲባውን...

— እማዬ፣ ይህቺን ብቻ ልጨርስ። አንዴ። ይህቺን ብቻ።

... ለምን እንዳነሳሁ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ስብሰባው ላይ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። አባቶቻችን ያቆሙትን ቡድን አናስነካም ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ተጨብጭቦልኛል። ከዚያ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲሉ እጄ ወጣች። አጠገቤ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ሁለቱ ቡድን አንድ ከሆነ ደጋፊውም አንድ ጋ ይቀመጣል ብዬ ነው... ከማን ጋር ትላለህ እንዴ? ካንተ ጋር ነዋ። አንተ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ፣ በመሃል ሜዳ ሙሉ ሰው። ታከተኝ። ኳስ አብሮ የማያይ ወንድም ምን ይሠራልኛል?

... ሄሎ? ትሰማኛለህ?



... አንተም? በታቾች ስብሰባ? ... አንተማ ታነሳለህ፣ የማዘጋጃ ቤት ሹፌር ነህ... ለእንጀራህ አይደለም? ለምን ነው ታዲያ? ... በለው። እንዲያ ነው?

... ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ የት ተቀመጥክ? ... የታቾቹ በኩል? አንድ ሆነናል እየተባለ እዚያው? ... እኔም እዚያው የላዮቹ በኩል። እንደ ድሮው... ሁሉም እንደ ድሮው ነበር የተቀመጠው እኮ፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን አጠገቤ ያለውን ወንበር ኮቴን አስቀምጬበት ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሦስቴ መጥቶ ለመነኝ፣ ሰው አለው አልኩት። የት አለ ሲለኝ ሽንት ቤት ነው አልኩት። እስከ እረፍት ሽንት ቤት ነው አልኩት። ከእረፍት በኋላ አፍሬ ኮቴን አነሳሁ።

... ምን ይዘህ ነበር? ... የማንን ቦታ?

... የኔን?

... እስከ መጨረሻው? በግራህ የነበረችው ባዶ ወንበር? እኔ እኮ አይቻታለሁ። ከማዶ ሆኜ፣ «ይኼ ልጅ ሚስቱ ዛሬ ቀረችበት እንዴ» ብዬ ነበር... ኮፍያህን አስቀምጠህ? እኔ እመጣለሁ ብለህ? እኔ ታላቅህ ሆኜ እኔ ልምጣ?... አንተማ መምጣት ነበረብህ። ታናሽ አይደለህ?... ደጄን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ? ፎቶውን የለጠፍከው አንተ... አይደለም፣ አይደለም፣ ይቅር። ይቅር ስልህ። ለኳሷም እንዲሁ ስንል ነው የገባችብን።

... እሺ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ እኔ ወዳንተ እመጣለሁ... አይ፣ አንተ አትምጣ፣ እኔ መጣሁ አልኩህ... ሁለታችንም ከተነሳን እኮ ሜዳው መሃል ተላልፈን ያንተን ቦታ እኔ፣ የኔን ቦታ አንተ... ስማኝ፣ እንዲህ እናድርግ። አንተ...

ሄሎ?... ሄሎ?... ትሰማኛለህ?

— ጠፋ። ዘጋው ወይስ ተቋረጠ? መምህር፣ ሲዘጋና ሲቋረጥ በምን ይለያል? ከዘጋው እሱ አሸንፏል ማለት ነው። ከተቋረጠ... ከተቋረጠ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሕጉ ላይ የለም።

— ምን እማዬ? ... ልደውል? እንዴት እደውላለሁ? ሦስት ለአንድ ተሸንፌ። ተሸናፊ አይደውልም፣ አንቺው ፊት የጸና ሕግ ነው... «ፖለቲካ ይቅር አልኩ እንጂ አትደዋወሉ አላልኩም»? አላልሽም። እውነትሽን ነው፣ አላልሽም። እኛው ነን የጨመርናት።

— መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አረፋው ደረቀብዎት። ይህን ፎጣ ያዙልኝ። ሌላ አረፋ እቀባዎታለሁ፣ በነጻ ነው የምላጭዎት። አንዲት ስልክ ብቻ... ምን አሉ? ነጩ መኪና መብራቱን አጠፋ? በመስታወቱ ይታይዎታል?... ውስጡ ያለው ሰው ስልክ ይዞ ነበር?

...

ሄሎ።

... አዎ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የደወልኩት... ማንም አላሸነፈም። አትጠይቀኝ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው የደወልኩት።

... ተሸንፈናል።

... አዎ። እኔና አንተ። ሦስት ለአንድ ተሸንፈናል፣ አንጀቴ ቆስሏል፣ ከማን ጋር እንደምበሳጭ አጣሁ። ለደንበኛ ብነግረው ምኑ ነው? ከሌላ ሰው ጋር አይሆንልኝም።

... የት ነህ?... የቱ መዞሪያ? ... ከመቼ ጀምሮ? ጨዋታው እንዳለቀ? እንዲያ ቆመህ ነው በስልክ ስትከራከረኝ የቆየኸው?

... ትቆጣለች ብለህ ነው? ተነስታ ቆማለች እኮ። ከዘራዋንም ጥላዋለች፣ በሩን ይዛ ወደ መዞሪያው ታያለች... ፖለቲካማ እናወራለን። ምን እናድርግ፣ ኳሱም ፖለቲካ ሆነ። ተቀምጠን እንጣላለን፣ በስልክ ከመጣላት ይሻላል። ና።

... መኪናውን ተወው፣ በእግርህ ና። ሃያ እርምጃ ለማትሞላ መንገድ።

... በል ልዝጋው። ... አይደለም፣ አሸንፌ አይደለም። በአንድ እጄ ምላጭ፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ በምኔ ልጨብጥህ?